ጨጓራችንን የሚልጠው ማነው?

ክፍል ውስጥ ስንረብሽ አስተማሪዎቻችን «ጨጓራዬን ላጣችሁት!» ይሉናል። እውነት ጨጓራ የሚላጠው በንዴት ነው? በየቤታችንም ሰውን ሲያቃጥለው በርበሬ ነው፣ ቡና ነው፣ ሐሳብ ነው ይባላል። እነዚህ ሕመሙን ሊያባብሱ ይችላሉ። ዋናው ጥፋተኛ ግን ብዙ ጊዜ ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው።

ኤች ፓይሎሪ በዓይን አይታይም፤ ቅርጹ የተጠማዘዘ ነው። ጨጓራችን ውስጥ ኃይለኛ አሲድ ስላለ ብዙ ተሕዋስያን እዚያ ይሞታሉ። እሱ ግን ብልጥ ነው፤ አሞኒያ እያመረተ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርደዋል። ከዚያ የጨጓራን ግድግዳ በሸፈነው ዝልግልግ ነገር ውስጥ ተደብቆ ለዓመታት ይኖራል። ብዙ ሰው ይዞት ምንም አይሰማውም። አንዳንዱን ግን ጨጓራውን ያቆስለዋል።

ድሮ ሐኪሞችም ይህን አያምኑም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የሚባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ባክቴሪያውን ከበሽተኞች ጨጓራ ወስደው በላቦራቶሪ አሳደጉት። ብዙዎች ግን አላመኗቸውም። ታዲያ በ1984 ማርሻል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው! በጥቂት ቀናት ውስጥ ያስመልሰው ጀመር፤ ሲመረመርም ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ይሄ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? አያቴ ስንት ዓመት ተልባ እየጠጣች፣ እኛ ወጥ ስንበላ እሷ ብቻዋን ገንፎ እየበላች ኖራለች። «የለመድኩት ነው» ትላለች። ተልባ ያስታግስ ይሆናል እንጂ ባክቴሪያውን አያጠፋም። ኤች ፓይሎሪ በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፣ በመድኃኒትም ይድናል። ስለዚህ እንድትመረመር እየለመንናት ነው።

ሐኪም አንቲባዮቲኮችንና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒትን አንድ ላይ ያዛል፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል። ሰው ግን ሲሻለው ያቋርጥና የተረፈውን ለጎረቤት ይሰጣል። ይሄ አደገኛ ነው! ያልሞተው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ደግሞ አንቲባዮቲክ ጥሩውንም ባክቴሪያ ይገድላል። አንጀታችን ውስጥ ቫይታሚን ኬ የሚሠሩልን፣ የማሽላና የባሚያን አሰር የሚያብላሉልን ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱን ያለ ምክንያት አንግደል።

ቃጠሎ ሁሉ ግን ከኤች ፓይሎሪ አይደለም። እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ጨጓራ ያቆስላሉ። ለዚህ ነው ከመድኃኒት በፊት ምርመራ የሚያስፈልገው። ደም የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ካለ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይባል ሆስፒታል ይሂድ።

እኛ ልጆችስ? ባክቴሪያው ብዙውን ጊዜ የሚይዘው በልጅነት ነው። ስለዚህ ከሽንት ቤት ስንወጣና ከምግብ በፊት እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ንጹሕ ውኃ እንጠጣ። የአሶሳ ልጆች፣ ማንጎውንም ከዛፍ አውርደን ወዲያው ከመግመጥ በፊት እንጠበው!