ዋጉን መጀመሪያ የምታየው ማን ናት?

ስንዴ ላይ ዋግ ሲጀምር ከመንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታወቅም። የሚያገኘው ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን የሚገልጥ ነው። በኦሮሚያ፣ በጊንጪ ዙሪያ ባሉት የደንዲ ወረዳ ቀበሌዎች ክረምቱን ጎንበስ ብለው የሚያርሙት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ የዋጉ ቢጫ ዱቄት መጀመሪያ የሚቀረውም በእነሱ ጣት ላይ ነው። ስልኩ ግን ያለው አባወራው ኪስ ውስጥ ነው። የልማት ሠራተኛው ቁጥርም የተመዘገበው እዚያው ስልክ ላይ ነው። ያየችው ሴት ለሚመለከተው ሰው ሳትነግር ጥቂት ቀናት ካለፉ ዋጉ በነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል። አባላቱን ሁሉ የማያናግር የመረጃ መረብ ጉዳቱ ዝም ባለው ሰው ብቻ የማይቆመው ለዚህ ነው።

መረቡ ምንድን ነው? በአንድ በኩል 8028 አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ (ዛሬ ኢንስቲትዩት ሆኗል) በ2006 ዓ.ም. የጀመረው ነጻ የስልክ መስመር ሲሆን፣ ገበሬው ቁጥር እየነካ ሰብሉን መርጦ በቋንቋው የተቀዳ ምክር ይሰማል። አደጋ ሲኖርም በዚሁ መንገድ ማስጠንቀቂያ ይላካል። በሌላ በኩል የልማት ሠራተኞችና የወረዳ ባለሙያዎች ፎቶና ጥያቄ የሚለዋወጡባቸው የቴሌግራም ግሩፖች አሉ። የስንዴ ዋግን አስቀድሞ ለመተንበይ ከውጭ ተቋማት ጋር የተዘረጋውም ሥርዓት የነፋሱን አቅጣጫ ከአየር ትንበያ ቢያገኝም፣ በሽታው የት እንደታየ የሚያውቀው ከማሳ ከሚመጣ መረጃ ነው። ከታች የሚነግረው ሰው ከሌለ ከላይ የሚወርደው ማስጠንቀቂያ ይዘገያል።

ዝም ያለ ሁሉ ግን ተገልሏል ማለት አይደለም። ጃኮብ ኒልሰን የተባለው ባለሙያ በ2006 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ በኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ውስጥ ከ100 አባላት 90ዎቹ ያነባሉ እንጂ አይጽፉም፤ 9ኙ አልፎ አልፎ፣ አንዱ ደግሞ አዘውትሮ ይጽፋል። ጂን ላቭና ኤትየን ዌንገርም በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ አዲስ ገቢ ሰው ሙያ የሚለምደው ከዳር ጀምሮ እንደሆነ አስረድተዋል። ስለዚህ አንድ ገበሬ ሰምቶ፣ ማሳው ላይ ሞክሮ ምንም ባይናገር ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም። የሚያሳስበው ሊናገር ፈልጎ መንገዱን ያጣው ነው። ሁለቱን ለመለየት ሰውየውን ቀርቦ ከመጠየቅ ሌላ ዘዴ የለም።

መንገዱን ከሚዘጉት ነገሮች የመጀመሪያው ስልኩ ራሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የራሳቸው ሞባይል የነበራቸው ሴቶች 27 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በዝቷል፤ የቤቱ ስልክ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን አልተዘጋም። ሚስት በባሏ ስልክ ብትደውል መዝገቡ ላይ የሚቆጠረው የእሱ ቁጥር ነው፤ ማስጠንቀቂያውም የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። ቴሌግራም ደግሞ ስማርት ስልክ፣ ዳታና ቻርጅ ይጠይቃል። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ግሩፑ ውስጥ የሚባለውን የሚሰማው ሌላ ሰው ሲነግረው ነው።

ሁለተኛው እምብዛም የማይነሳ ነው፤ ጊንጪን ለሚያውቅ ሰው ግን ግልጽ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በተመረጡት ቋንቋዎች ሁሉ ያስተማረው በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት የገቡት ልጆች ቋንቋቸውን የሚያነቡት በቁቤ ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አያት አንዱን ፊደል፣ የልጅ ልጅ ሌላውን ሊያነቡ ይችላሉ፤ ሁለቱንም ያላወቀች እናት ደግሞ መሐል ላይ አለች። በየትኛውም ፊደል የተላከ የጽሑፍ መልእክት ከቤተሰቡ አንዱን ይዘላል። በአሮጌ ስልክ ላይማ የግዕዙ ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው በድምፅ የሚተላለፍ መልእክት፣ የ8028 ቅጂም ሆነ የቴሌግራም ድምፅ፣ ከጽሑፍ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያቅፈው። የድምፅ ጥያቄ የላከችን እናት “ጻፊው” ማለት በር መዝጋት ነው።

ተሳትፎን ከልብ ከሚከታተሉት አሠራሮች አንዱ ዲጂታል ግሪን በህንድ ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው የቪዲዮ ኤክስቴንሽን ነው። ፊልሙ እዚያው አካባቢ፣ በአካባቢው ገበሬዎች ይሠራል፤ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ይታያል። የልማት ሠራተኛው፣ ጤፍ በመስመር ሲዘራ የሚታይበት ቦታ ላይ ፊልሙን አቁሞ፣ “አዴ፣ እርስዎ ዘሩን እንዴት መጠኑት?” ብሎ ይጠይቃል። ማን እንደመጣ፣ ማን ምን እንደጠየቀ፣ በኋላም ማን እንደሞከረው ይመዘግባል። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በአራት ክልሎች 347 ቀበሌዎች ሲፈትኑት፣ ቪዲዮው የገበሬዎችን እውቀትም ሆነ አዲሱን አሠራር የመጠቀም ልምድ ከፍ አድርጓል። ሚስቶች አብረው በተጠሩበት ቦታ የእነሱም እውቀት ጨምሯል፤ ማሳው ላይ ግን ባሎች ብቻ ከተጠሩበት የበለጠ ለውጥ እንዳመጣ በግልጽ አልታየም። እኔ ከዚህ የምረዳው ሴቶችን መጥራት ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። የማዳበሪያውን ገንዘብ የሚወስነውና በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስሙ ያለው ባልየው ብቻ ከሆነ፣ እውቀት ብቻውን እርሻ ላይ አይደርስም።

ደንዲ ለዚህ ጉዳይ የራሷ ታሪክ አላት። ስልክ ገጠር ሳይገባ በፊት፣ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች የአፍሪካ ደጋማ አካባቢዎች ኢኒሼቲቭ በተባለው ፕሮግራም ጋሌሳ ላይ ሲሠሩ፣ የሕዝቡን ችግር በአንድ ስብሰባ አልጠየቁም። ወንዶችንና ሴቶችን፣ ሽማግሌዎችንና ወጣቶችን፣ ሀብታምና ድሃውን፣ ከተራራው ላይና ከታች የሚኖረውን ለየብቻ አነጋገሩ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱም የምንጭ ማጎልበት ሆነ። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው።

ዛሬ ግሩፕ የሚያስተዳድር የልማት ሠራተኛም ይህን ማድረግ ይችላል። ሲመዘግብ የባልንም የሚስትንም ቁጥር ይውሰድ፤ ስልክ የሌላትን የጎረቤቷን ቁጥር ጠይቆ በስሟ ይያዝ። ፊልሙን ላምና ጥጃ በሚታሰሩበት፣ እራት በሚሠራበት ሰዓት አያሳይ። የጊንጪ ጥቁር አፈር ውኃ ስለሚይዝ ለቀይ አፈር የተነገረ የመዝሪያ ጊዜ ላይሠራ ይችላልና፣ ገበሬው “እኛ ጋ አልሆነም” ቢል ቃሉ እንደ ተቃውሞ ሳይሆን እንደ መረጃ ይመዝገብ። ለጠየቀ ሰው መልስ ይድረሰው፤ መልሱ ባይታወቅ እንኳ “ለሆለታ ልከናል” ይባል፣ አንዴ ጠይቆ ዝም የተባለ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅምና። የወሩ ሪፖርት ሲጻፍም ከአባላት ብዛት ጎን ሁለት ዓምድ ይጨመር፦ በዚህ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው ማን ነው፣ ጥያቄውስ በስንት ቀን ተመለሰለት?