የሐኪሞች ቦርድ እስኪወስን በምን ይኖራል?

ካዛንቺስ ግንባታ ላይ ተጎድተው የጉዳታቸውን መጠን የሚወስነውን የሐኪሞች ቦርድ የሚጠብቁ ሠራተኞች ብዙዎቹ፣ ውሳኔው እስኪመጣ ምንም የማይከፈላቸው ይመስላቸዋል። ይከፈላቸዋል! በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ አሠሪው ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላል። የሕክምናው ወጪም የአሠሪው ነው።

ክፍያው ከ12 ወር አያልፍም። ቦርዱም የጉዳቱን መጠን በተቻለ መጠን በ12 ወር ውስጥ መወሰን አለበት፤ ስለዚህ አደራችሁን፣ ቀጠሮ አትዝለሉ፤ የሕክምና ወረቀታችሁን ሁሉ ቅጂ ያዙ።

በ2017 ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ ሌላ ሰፈር የገባችሁ ደግሞ ቀጠሮው እንዳያመልጣችሁ አዲሱን አድራሻና ስልካችሁን ለሆስፒታሉም ለአሠሪውም በጽሑፍ አሳውቁ።