ኳሱ ሳይደርሰው የሚታይ ተጫዋች

ከነቀምቴ ተጫዋች ለመውሰድ የመጣ መልማይ ዐይኑ ቶሎ የሚያርፈው አጥቂ ላይ ነው። ጎል የሚያስቆጥር ልጅ ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሜዳ ዳር የቆመው ተመልካች ስሙን እየጠራ ይናገርለታል። የሚከብደው ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆመውን ተከላካይ አማካይ፣ ተጫዋቾች «ስድስት ቁጥር» የሚሉትን መመዘን ነው። ይህ ልጅ ሥራውን በሚገባ ሲሠራ ተጋጣሚው በመሀል ሜዳ ማለፍ አይችልም፤ ጨዋታው የተቀዛቀዘ ይመስላል፤ ማንም ስሙን አያነሳም። ወለጋ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ልጆች ሳይታዩ ይቀራሉ ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱ አመዛዘናችን ነው።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ወለጋ ስታዲየም እዚያ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲም ዋና ግቢው እዚያው ነው። ነቀምቴ ከተማ እግር ኳስ ክለብ በከፍተኛ ሊግ፣ ማለትም ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ሲወዳደር የቆየ ክለብ ነው። ከግምቢ፣ ከነጆ፣ ከመንዲ፣ ከሻምቡ፣ ከደምቢ ዶሎ ለሚነሳ ልጅ ነቀምቴ የመጀመሪያዋ ትልቅ በር ናት። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው የነበረው የጸጥታ ችግር መንገድ በዘጋ ቁጥር ግን ልጁ ወደ በሩ አይደርስም፣ መልማዩም ወደ ልጁ አይሄድም። ስለዚህ አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ብቻ ታይቶ ይፈረድበታል። ለአጥቂ አንድ ጨዋታ ሊበቃ ይችል ይሆናል፤ ለስድስት ቁጥር ፈጽሞ አይበቃም።

ታዲያ ምኑ ነው የሚታየው? ኳሱ ገና ሌላ ሰው እግር ላይ ሳለ ልጁን ተመልከቱት። የመሀል ተከላካዩ ኳስ ይዞ ቀና ሲል ጥሩ ስድስት ቁጥር አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ትከሻው ላይ ዞር ብሎ ኋላውን ያያል። ከዚያ ሰውነቱን ገደድ አድርጎ ይቆማል፤ ኳሱ ሲመጣ በሩቁ እግሩ ተቀብሎ በአንድ ንክኪ ፊቱን ወደ ተጋጣሚ ጎል ያዞራል። ያላየ ልጅ ግን ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ይቀበላል፤ ኳሱን ላቀበለው ተከላካይ መልሶ ከመስጠት ሌላ አማራጭ አይኖረውም። ሁለቱም ኳስ አልተነጠቁም፤ ሁለቱም ቅብብላቸው ተሳክቷል፤ ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። የኖርዌዩ ተመራማሪ ጊር ዮርዴት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ደጋግመው ዙሪያቸውን የሚቃኙት ቅብብላቸው ይበልጥ የተሳካ ሆኖ አግኝቶታል። ይህን ለመቁጠር መሣሪያ አያስፈልግም፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ቀጥሎ ሸርተቴው አለ። በወለጋ ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ ይበረታል፤ ሜዳው ይጨቀያል፤ ኳሱ ውሃ ላይ ይቆማል። በእንዲህ ያለ ሜዳ ከሩቅ ተንሸራቶ ኳስ የሚያስጥል ልጅ ጭብጨባ ያገኛል። እኔ ግን ሸርተቴ ሲበዛ እጠረጥራለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚንሸራተተው ዘግይቶ የደረሰ ነው፤ አስቀድሞ በቦታው የቆመ መንሸራተት አያስፈልገውም። ያው ልጅ ኳስ በሚፈጥንበት ደረቅና ለስላሳ ሜዳ ላይ ሲሰለፍ መዘግየቱ ቢጫ ካርድ ይሆንበታል። ስለዚህ በጭቃ የታየ ተጫዋች በደረቅ ሜዳም መታየት አለበት። በረኛው አርቆ የመታው ኳስ በግንባር ተገጭቶ ሲወድቅስ፣ የሚወድቅበት ቦታ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? በአንድ ጨዋታ ሦስትና አራት ጊዜ እሱው ከሆነ ዕድል አይደለም፤ አንብቦ ነው።

የአየሩ ነገርም አለ። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰባስበው በየተራ የሚጫወቱበትን አሠራር ስለተከተለ፣ ተጫዋቹ ሳምንታትን በድሬዳዋ ሙቀት ሊያሳልፍ ይችላል። ደጋ ላይ ሙሉ ዘጠና ደቂቃ የሮጠ ልጅ ቆላ ላይ እንዴት እንደሚሆን ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ካልታየ አይታወቅም። ሲደክም ቀድሞ የሚበላሽበት እግሩ ሳይሆን ቦታ አያያዙ ነው፤ ከተከላካዮቹ ጋር ያለው ርቀት ይሰፋል።

እንዲህ ያለ ተጫዋችን የመመዘን ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፉትቦል ለስድስት ቁጥር የሚቀርበው ላይንባከር ነው፤ ፊት መስመር ላይ ከሚታገሉት ግዙፎች ኋላ ቆሞ የተጋጣሚን ሐሳብ የሚያነብ ተከላካይ። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ሊሻገር ሲል ኢንዲያናፖሊስ ላይ ይለካል፦ 36 ሜትር ተኩል ገደማ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ 102 ኪሎ ብረት ደጋግሞ ያነሳል። ያን ሁሉ ለክተውም ይሳሳታሉ። ከቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዛክ ቶማስ 1.80 ሜትር ገደማ ነበር፤ ለቦታው አጭር ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሰባት ዙር ባለው ምርጫ የተወሰደው በአምስተኛው ዙር፣ 154ኛ ሆኖ ነው። በማያሚ ዶልፊንስ ቡድን ከዘመኑ ምርጥ ላይንባከሮች አንዱ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የፉትቦሉ የዝነኞች አዳራሽ ገባ። የእኛው እግር ኳስም ንጎሎ ካንቴን ያውቃል፤ ከ1.70 ሜትር በታች፣ በፈረንሳይ ዝቅተኛ ሊጎች ሲጫወት የቆየ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሌስተር ሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን የሆነ።

ቁመትና ጉልበት ዋጋ የላቸውም ማለቴ አይደለም። ከጋምቤላ ተነስቶ በኢትዮጵያ ቡና የታወቀው ጋቶች ፓኖም በተክለ ሰውነቱ መሀል ሜዳውን ይቆጣጠር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ተዛወረ። ብዙ ሳይቆይ ወደ አገር ቤት ተመልሶ ለመቀሌ ተጫወተ። አንድ ኢትዮጵያዊ ተከላካይ አማካይ እስከዚያ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ከአገር ከወጡት ተጫዋቾቻችን ስማቸው ጎልቶ የሚጠራው ግን እንደ ሳላዲን ሰይድና ሽመልስ በቀለ ያሉት ወደ ፊት የሚያጠቁት ናቸው።

ሌላው ከሜዳ ውጭ ያለው ወረቀት ነው፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው ተሰጥኦ ያናድደኛል። የልጁ የትውልድ ቀን በትምህርት ቤት ሰነድ፣ በቀበሌ መታወቂያና በክለብ መዝገብ ላይ አንድ መሆን አለበት። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከዘመን አቆጣጠር ይመጣል፦ ኅዳር 2000 ዓ.ም. የተወለደ በፈረንጆቹ የ2007 ልጅ ነው፣ ጥር 2000 የተወለደ ግን የ2008። በጅምላ ስምንት ወይም ሰባት የሚደምር ጸሐፊ ልጁን ከዕድሜ ውድድር ሊያስወጣው ይችላል። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ወደ ሌላ አገር እንዲዛወር ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይፈቅድም። ተጫዋቹ በውል ላይ እያለ በክፍያ ወደ ውጭ ሲዛወር ደግሞ ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። በ14 ዓመቱ ነጆ ላይ ያሠለጠነው ክለብ ልጁን በፌዴሬሽን ካላስመዘገበ ድርሻውን የሚጠይቅበት ማስረጃ የለውም።

የሙከራ ልምምድ ላይ ለሚተማመኑም አንድ ነገር ልንገራቸው። ሃያ የማይተዋወቁ ልጆች ተሰብስበው አጭር ጨዋታ ሲጫወቱ ሁሉም ኳስ ይዞ መንዳት ይፈልጋል፤ ቦታውን ጠብቆ የቆመው ስድስት ቁጥር ያልሠራ ይመስላል። ስለዚህ የነቀምቴም ሆነ የግምቢ አሠልጣኝ ልጁን ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት የሁለት ሦስት ሙሉ ጨዋታ ቪዲዮ በስልክ ይቅረጽለት፤ አንዱ በዝናብ፣ አንዱ በደረቅ ሜዳ። ስልኩ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይተከል፣ ኳሱን ተከትሎ አይዙር። ኳሱን ከተከተለ ልጁ ትከሻው ላይ ዞር ብሎ ያየበት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ተስቦ መንገዱን የዘጋበት ቅጽበት ከምስሉ ውጭ ይቀራል፤ መልማዩ ማየት የሚገባው ደግሞ እሱን ነው።