ሳንሱሩ መሳሙን ሲፈልግ

እንግሊዛዊው ዳይሬክተር በርናርድ ሮዝ በተቀራራቢ ጊዜ ሁለት ክሊፖች ሠርቷል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው በ1983 የተለቀቀው የፍራንኪ ጎዝ ቱ ሆሊውድ ባንድ «ሪላክስ» ነው። ታሪኩ የሚያልፈው በወንዶች የሌሊት ክበብ ውስጥ ነው፤ ቆዳ የለበሱ ጎረምሶች፣ እንደ ሮማ ቄሳር የተንፈላሰሰ ወፍራም ሰውዬ፣ አውሬም ሳይቀር አለበት። ቢቢሲ በጥር 1984 አላጫውትም አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም፤ ዘፈኑ በብሪታንያ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጥቶ ለ5 ሳምንታት ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሁለተኛው በዚያው በ1984 የወጣው የብሮንስኪ ቢት «ስሞልታውን ቦይ» ነው። ዘፋኙ የግላስጎው ልጅ ጂሚ ሶመርቪል ባቡር ውስጥ ተቀምጦ ከቤት የወጣበትን ምክንያት ያስታውሳል። መዋኛ ገንዳ ሄዶ ነበር፤ አንድ ዋናተኛ ላይ ዓይኑ አረፈ፤ ያ ዋናተኛ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ደበደበው። ፖሊስ ይዞት ወደ ቤት ሲመጣ ወላጆቹ ልጃቸው ማን እንደሆነ የሚያውቁት ከፖሊሱ አፍ ነው። ሊሄድ ሲል እናቱ ታቅፈዋለች። አባቱ የመሳፈሪያ ገንዘብ ይሰጡታል፤ ልጁ እጁን ሲዘረጋላቸው ግን አይጨብጡትም። በጠቅላላው ክሊፕ ውስጥ አንድም መሳም የለም፤ ሳንሱር ቁጭ ብሎ ቢመረምረው የሚቆርጠው ነገር አያገኝም ነበር። ከ«ሪላክስ» ጋር ሲተያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሥራ ነው፤ ግን ዛሬ ሁለቱን ደጋግሞ ላየ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚቀረው ያ ያልተጨበጠ እጅ ነው።

ስለ ተመሳሳይ ፆታ ፍቅርና ማንነት የተሠሩትን የአርባ ዓመት ክሊፖች ሳገላብጥ እነዚህ ሁለት መንገዶች በየጊዜው እየተፈራረቁ ይመጣሉ። አንዱ ተመልካቹን ሆን ብሎ ያስደነግጣል። ሌላው ቤት ይገባል፤ አባትን፣ እናትን፣ የሆስፒታል ፎርምን ያሳያል። ከልካዮች ሁልጊዜ የተጣሉት ከመጀመሪያው ጋር ነው። ሥር የሰደደው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ሁለተኛው ነው።

ብሮንስኪ ቢቶች ነገሩ ከሕግ ጋር የተያያዘ መሆኑን አልደበቁም። በእንግሊዝና በዌልስ በሁለት ወንዶች መካከል ያለ ግንኙነት ከወንጀልነት የወጣው በ1967 ነው፤ በስኮትላንድ ደግሞ በ1980 በወጣ ሕግ። ያም ሆኖ የተፈቀደው 21 ዓመት ለሞላቸው ብቻ ነበር፤ ለወንድና ለሴት ግን 16 ይበቃ ነበር። የመጀመሪያ አልበማቸውን ርዕስ ከዚሁ የዕድሜ ገደብ ወሰዱ፤ በሸክላው ሽፋን ላይም የየአውሮፓ አገሩን ገደብ ዘርዝረው አተሙት። የብሪታንያ ሕግ ለሁሉም 16 እስኪሆን 2001 መድረስ ነበረበት።

በዚያ ዘመን የክሊፕን ዕጣ የሚወስኑት ጥቂት ጣቢያዎች ነበሩ። ኤምቲቪ ሥራ የጀመረው በነሐሴ 1981 ነው፤ እሱ ያላሳየው ክሊፕ አሜሪካ ውስጥ እንዳልተሠራ ይቆጠር ነበር። ኩዊን የተባለው ባንድ ይህን በገዛ ኪሱ ቀምሶታል። በ1984 «አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪ» ላይ አራቱም የባንዱ አባላት የሴት ልብስ ለብሰው ቀረቡ፤ ፍሬዲ ሜርኩሪ ሪዙን ሳይላጭ፣ አጭር የቆዳ ቀሚስ ለብሶ ምንጣፍ ይጠርጋል። እንግሊዞች «ኮሮኔሽን ስትሪት» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማቸው ላይ የተቀለደ ቀልድ መሆኑን አውቀው ሳቁ። አሜሪካኖቹ አልሳቁም፤ ኤምቲቪም አላሳየውም፤ ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ባንዱ እዚያ ገበያ ያጣው በዚህ ክሊፕ እንደሆነ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። ሜርኩሪ የተወለደው በዛንዚባር ነው። ዛንዚባር በ2004 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚቀጣ ሕግ አወጣች፤ በ2006 ደግሞ 60ኛ የልደት በዓሉን በደሴቲቱ ለማክበር የታሰበው ዝግጅት ከሃይማኖት ማኅበር ተቃውሞ ገጠመው። ሰውየው ከሞተ 15 ዓመቱ ነበር።

የማዶና «ቮግ» በ1990 ሲወጣ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ፊንቸር ነበር፤ ገና ስመ ጥር የፊልም ሰው ሳይሆን። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የድሮ የሆሊውድ ፎቶግራፍ ይመስላል። ዳንሱ ግን ከሆሊውድ አልመጣም። የኒው ዮርክ ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ትራንስጀንደሮች፣ ሐርለም ውስጥ በአዳራሽ እየተሰበሰቡ በአለባበስና በአካሄድ የሚወዳደሩበት ባህል ነበራቸው። ቡድኖቻቸው «ቤት» ይባላሉ፤ እያንዳንዱ ቤት «እናት» ወይም «አባት» አለው፤ ከወለዱት ቤተሰብ የተባረረ ልጅ እዚያ ይጠጋል። በማዶና ክሊፕ ላይ የሚታዩት ሆሴ ጉቲዬሬዝና ሉዊስ ካማቾ የ«ኤክስትራቫጋንዛ ቤት» ልጆች ናቸው። ከእሷ በፊት በ1989 ማልኮም ማክላረን «ዲፕ ኢን ቮግ» ላይ ከዚያው ባህል የወጣውን ዊሊ ኒንጃን አሳይቶ ነበር፤ ዓለም ያወቀው ግን በማዶና በኩል ነው። ገንዘቡም ዝናውም ወደ ማን ሄደ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ይገባልም። የዚያኑ ዓመት መጨረሻ «ጀስቲፋይ ማይ ላቭ»ን ኤምቲቪ ሲከለክልባት ካሴት አድርጋ ሸጠችው፤ ክልከላ ማስታወቂያ መሆኑን ከእሷ የተሻለ የገባው ሰው አልነበረም።

ጆርጅ ማይክል በሚያዝያ 1998 ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ በሕዝብ መጸዳጃ ቤት በሲቪል ለባሽ ፖሊስ ተያዘ። ሌላ ዘፋኝ ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ይደበቅ ነበር። እሱ «አውትሳይድ» የተባለውን ክሊፕ አወጣ፤ መጸዳጃ ቤቱ ወደ ዳንስ ቤት ይለወጣል፣ ራሱ የፖሊስ ልብስ ለብሶ ይጨፍራል። ውርደትን ወደ ጨዋታ የለወጠበት ፍጥነት ያስቀናል።

የ2000ዎቹ መጀመሪያ የተደበላለቀ ነው። በ2002 ዮናስ ኦከርሉንድ ለክርስቲና አጊሌራ በሠራው «ቢውቲፉል» ላይ ሁለት ወንዶች አደባባይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሳሳማሉ፣ አላፊ አግዳሚው ይገላምጣቸዋል፤ ሌላ ሰው መስተዋት ፊት ዊግ ያጠልቃል። ትልቅ ዘፋኝ፣ ትልቅ ዘፈን፣ ምንም ማላገጥ የሌለበት። በዚያው ዓመት የሩሲያዎቹ ታቱ በ«ኦል ዘ ቲንግስ ሺ ሴድ» ዓለምን አዳረሱ፤ የተማሪ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጃገረዶች በዝናብ ውስጥ ከአጥር ጀርባ ይሳሳማሉ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ፍቅረኛሞች እንዳልነበሩ፣ ነገሩን የጠነሰሰው ሥራ አስኪያጃቸው እንደነበር ታወቀ። የአዋቂ ወንድ ዓይን የደገሰው ድግስ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ራሳቸውን በዚያ ክሊፕ ውስጥ ያዩ ልጃገረዶች በየአገሩ ነበሩ፤ ሌላ የሚያዩት ስላልነበራቸው።

ዩቲዩብ በ2005 ሲመጣ በረኛው ተለወጠ። በ2013 ስቲቭ ግራንድ የተባለ ያልታወቀ የካንትሪ ዘፋኝ 7,000 ዶላር ገደማ በክሬዲት ካርድ አውጥቶ «ኦል አሜሪካን ቦይ»ን ሠራ፤ በቀናት ውስጥ በቴሌቪዥን ይጠየቅ ጀመር። ዘፋኟ ሄይሊ ኪዮኮ በ2015 «ገርልስ ላይክ ገርልስ»ን ራሷ ከሌላ ሰው ጋር ሆና ዳይሬክት አደረገች፤ ድብደባ አለበት፣ ግን መጨረሻው የሞት ወይም የመለያየት አይደለም። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ታሪኮች ብዙዎቹ በስደት ወይም በለቅሶ ነበር የሚያልቁት። ዩቲዩብም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የተከፈተ በር አልነበረም። በ2017 ለልጆች ተብሎ የተዘጋጀው ማጣሪያው የዘፋኞቹን የቴጋንና ሳራን ክሊፖች ጨምሮ ብዙ ሥራዎችን ሲሰውር ተገኝቶ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቋል።

የማክልሞርና ራያን ሉዊስ «ሴም ላቭ» ክሊፕ በጥቅምት 2012 የወጣው በምርጫ ዋዜማ ነው፤ የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ላይ ድምፅ ሊሰጥ አንድ ወር ቀርቶት ነበር፣ ሕጉም አለፈ። ክሊፑ አንድን ሰው ከተወለደበት ሆስፒታል ተነስቶ፣ በልጅነቱ፣ በሠርጉ በኩል እስከ ሽምግልናው የሆስፒታል አልጋ ይከተላል። ዘፋኙ ማክልሞር ራሱ የተቃራኒ ፆታ አፍቃሪ መሆኑ ቅር ያሰኛቸው አሉ፤ ቅሬታው እውነት አለው፤ ክሊፑም በጎ ሥራ ነው።

የአየርላንዱ ሆዚየር በ2013 ያወጣው «ቴክ ሚ ቱ ቸርች» ደግሞ ዓይኑን ወደ ሩሲያ አዞረ። በዚያው ዓመት ሞስኮ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ለልጆች በጎ ነገር መናገርን የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር። በኮርክ ከተማ በጥቁርና ነጭ የተቀረፀው ክሊፕ ሁለት ወንዶችን ያሳያል፤ አንደኛው በሰንሰለት የታሰረ ሣጥን መሬት ይቀብራል፤ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ሣጥኑንም እሱንም ፈልገው ያገኛሉ፣ ከቤቱ ጎትተው ያወጡታል፣ እሳት ይነዳል። ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አይነገረንም። አየርላንድ ራሷ በወንዶች መካከል ያለን ግንኙነት ከወንጀልነት ያወጣችው በ1993 ብቻ ነበር፤ በግንቦት 2015 ግን በሕዝበ ውሳኔ 62 በመቶው የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን አጸደቀ።

ከሁሉም የምወደው ግን የታይዋኗ ጆሊን ጻይ ሥራ ነው። «የተለየን ብንሆንስ ምን አለበት» እንደማለት ያለ ርዕስ ያለው ይህ ክሊፕ አሥርት ዓመታት አብረው የኖሩ ሁለት አሮጊቶችን ይዞ ይነሳል። አንዷ ታማ ሆስፒታል ትገባለች፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ የስምምነት ፎርም ላይ የሚፈርመው ቤተሰብ ነው፤ ያቺ ዕድሜ ልኳን አብራት የኖረችው ሴት ግን በሕግ ፊት ቤተሰብ አይደለችም። እስክሪብቶውን ይዛ ቆማ ትቀራለች ማለት ይቻላል። ሲንጋፖር በ2015 ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የከለከለችው ይህንኑ ነው፤ ጆሊን ከተዋናይት ሩቢ ሊን ጋር በሙሽራ ቬሎ የምትሳሳምበት ትዕይንት ስላለ ወሬው ሁሉ ስለዚያ ሆነ። እኔ ግን መንግሥትን ሊያስፈራ የሚገባው ያ ፎርም ይመስለኛል። ጆሊን በ2018 ደግሞ፣ ሴታሴት ነህ እየተባለ ሲሰደብ ኖሮ በ2000 በትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት ወድቆ ተገኝቶ የሞተን የ15 ዓመት ተማሪ የሚያስብ ዘፈን አወጣች፤ በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱን ትልቁን የሙዚቃ ሽልማት፣ የዓመቱን ዘፈን፣ ወሰደ። ታይዋን በግንቦት 24 ቀን 2019 ከእስያ ቀድማ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን መመዝገብ ጀመረች። በደቡብ ኮሪያ ሆላንድ የተባለው ዘፋኝ በ2018 የመጀመሪያ ክሊፑን ሲያወጣ ለአንዲት መሳም ከ19 ዓመት በታች ላሉ እንዳይታይ ተመድቦበታል።

የማስደንገጡን መንገድ ወደ ጫፍ ያደረሰው ሊል ናስ ኤክስ ነው። በመጋቢት 2021 «ሞንቴሮ» ላይ በምሰሶ ተንሸራቶ ሲኦል ይወርዳል፣ ለሰይጣን ይጨፍራል፣ አንገቱን ሰብሮ ቀንዱን ራሱ ይደፋል። ለማሻሻጫ 666 ጥንድ ጫማ ተሠራ፤ ዋጋው 1,018 ዶላር፤ ሉቃስ 10፥18ን የሚያውቅ ይገባዋል። ናይኪ ከሰሰ፣ ሰባኪዎች አወገዙ፣ ዘፈኑ አንደኛ ወጣ። በጫጫታው መሃል ብዙ ሰው ያላነበበው ከክሊፑ ጋር ለ14 ዓመቱ ራሱ የጻፈውን ደብዳቤ ነው፤ ማንም እንዳያውቅብን ተማምለን ነበር የሚል ዓይነት ይዘት አለው። አባቱ የመዝሙር ዘፋኝ ናቸው። ሲኦል ትሄዳለህ ሲባል ያደገ ልጅ ሄዶ ያሳያቸው ክሊፕ ነው፤ እንደዚያ ሲታይ ከ«ስሞልታውን ቦይ» ብዙም አይርቅም።

በአፍሪካ መንገዱ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። የአንጎላዋ የኩዱሮ ሙዚቃ ንግሥት ቲቲካ ትራንስጀንደር መሆኗን ሳትደብቅ ከ2011 ጀምሮ የአገሯ ዝነኛ ሆነች፤ በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም የበጎ ፈቃድ አምባሳደር አደረጋት። የደቡብ አፍሪካው ናካኔ በ2017 «ክሌርቮያንት» ላይ ከወንድ ፍቅረኛው ጋር በአልጋ ላይ ይታያል፤ አገሩ በ1996 ሕገ መንግሥቷ መድልዎን የከለከለች፣ በ2006 ጋብቻን የፈቀደች ናት፤ ያም ሆኖ በተወነበት «ኢንሼባ» ፊልም ምክንያት የግድያ ዛቻ ደርሶበታል። ወላጆቿ ኢትዮጵያውያን የሆኑት፣ ራሷን ኩዊር ብላ የምትጠራው የዋሽንግተኗ ኬሌላ በ2022 «ዎሽድ አዌይ»ን የቀረፀችው በዳናክል ነው፤ ታሪክ የለውም፣ ጥንድ የለውም፣ ጨዋማው ምድርና እሷ ብቻ ናቸው።

ኬንያ ውስጥ አርት አታክ የተባለው ቡድን በየካቲት 2016 «ሴም ላቭ»ን በራሱ መንገድ ሠርቶ አወጣ። የአገሪቱ የፊልም ምደባ ቦርድ ወዲያው ከለከለው፤ ጎግልንም ከዩቲዩብ እንዲያነሳ ጠየቀ። ክሊፑ አልተነሳም። የኬንያ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት እስከ 14 ዓመት እስራት ይደነግጋል፤ አንቀጹ ይሰረዝልን ብለው የከሰሱ ዜጎችን የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት አይሆንም ያላቸው በግንቦት 24 ቀን 2019 ነው፤ ታይፔ ውስጥ ጥንዶች ለጋብቻ ፊርማ በተሰለፉበት በዚያው ቀን።