ተራራና ተራራ የሚገናኙበት መንገድ

«ተራራና ተራራ አይገናኝም፤ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። የአገራችንን የደጋ አራዊት ኑሮ ስንመረምር ግን ሰውና ሰው ተገናኝቶ ካልመከረ ተራራና ተራራም ተለያይቶ እንደሚቀር እንረዳለን።

ለዚህም ቀይ ቀበሮ ዋነኛው ምስክር ነው። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። መኖሪያው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ውርጫም ደጋ ሲሆን፣ ምግቡም አይጥና ፍልፈል ነው። ዛሬ ለአካለ መጠን የደረሱት በጠቅላላው 500 አይሞሉም፤ ከእነርሱም እኩሌታውን የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ፤ የቀሩት በአርሲ፣ በመንዝ፣ በወሎና በስሜን ተበታትነዋል። በመካከል ያለው እርሻና ቆላ እንደ ባሕር ስለ ከበባቸው፣ እያንዳንዱ ተራራ ደሴት ሆኗል። አንዱ ተራራ ባዶ የሆነ እንደ ሆነ ከሌላው ተሻግሮ የሚተካ የለም። በጎጃም ጮቄና በወሎ ደላንታ የነበረው ዘር ጠፍቶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

መተላለፊያው ባለበት ስፍራ ደግሞ ጠባቂ ያስፈልገዋል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ ያህል ፈጀ። በሽታው ወደ አውሬው የሚደርሰው ከመንደር ውሻ ነው። ሸለቆው ከቀሩት የቀበሮ መኖሪያዎች ጋር የሚገናኘው በጠባብ መተላለፊያ ስለ ሆነ፣ ባለሙያዎቹ ሁሉንም ለመከተብ ሳይደክሙ፣ በመተላለፊያው አካባቢ የሚኖሩትን 70 የሚጠጉ ቀበሮዎች ይዘው ከተቡ። በሽታውም ወደ ማዶ ሳይሻገር ቀረ። እንግዲህ ያው መንገድ ሲጠበቅ ዘር፣ ሲዘነጋ ሞት የሚተላለፍበት መሆኑን እናስተውላለን።

ጥበቃው ግን በባለሙያ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ምድር «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲጠብቁ እንደ ኖሩ ይነገራል። መሬቱ በአስቦና በጌራ ተከፍሎ፣ በየአጥቢያው ተደልድሎ፣ በተመረጡ አባቶች ትእዛዝ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ሣሩ ሲጎለምስ ተከፍቶ፣ ቤት የሚከደንበትና ገመድ የሚገመድበት ጓሳ በሥርዓት ይታጨዳል። አንዱ አጥቢያ ዘግቶ ሌላው ቢያርሰው ልፋቱ ከንቱ ስለሚሆን፣ መተማመን የሥርዓቱ መሠረት ነበረ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የቄሮ ሥልጣን ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ልክ ታጨደ፣ ተጋጠ። ኋላ ግን ነዋሪዎቹ ከየቀበሌው ተወካዮቻቸውን መርጠው ጥበቃውን እንደ ገና አቋቋሙ። ዛሬ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው በዚያ ምድር የሚኖሩት በገበሬው ስምምነት ነው።

ምናልባት «ድኻ ገበሬ ስለ አውሬ ይጨነቅ ዘንድ ይገባዋልን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተራበ ልጅ ያለው አባት ባዶ መሬት ሲያይ እርሻ ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጓሳው ሲጠፋ ክዳኑም፣ ለክፉ ቀን የሚጠበቀው የከብት ግጦሽም አብሮ ይጠፋል። ለቀበሮ ሲባል የተከተበው ውሻም በመጀመሪያ የሚያድነው የባለቤቱን ልጆች ነው።

ስለዚህ በደጋ የምትኖሩ ቤተ ሰቦች ሆይ፣ የክትባት ሠራተኛ በመጣ ጊዜ ውሻችሁን አትደብቁ፤ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር የሚያዋስናችሁንም ጋራ ሳትመካከሩ አትረሱ። ድንበር የሚባለው ለእኛ ነው እንጂ፣ ለቀበሮው ወደ ዘመዱ የሚያልፍበት መንገድ ነው።