ከራስዎ በላይ ያለው ቆርቆሮ

ጨፋ ሮቢት ላይ ከየትኛውም ሱቅ ደጃፍ ቆመው ዙሪያዎን ቢቃኙ ዓይንዎ የሚያርፈው አንድ ነገር ላይ ነው። ሻይ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ከሱቁ ጀርባ ያለው መኖሪያ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ አጥሩና የግቢው በር ሳይቀር ቆርቆሮ ለብሷል። ከሥሩ እንተኛለን፣ ከሥሩ እንነግዳለን፤ ቀና ብለን የምናየው ግን ሲያፈስ ብቻ ነው።

እስቲ ዛሬ ሳያፈስ እንየው።

መጀመሪያ ውፍረቱን። ሻጩ “28 ጌጅ” የሚልዎት ቆርቆሮ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። “35 ጌጅ” የሚባለው ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብረቱ እየሳሳ ይሄዳልና፣ 35 ከ28 የሚበልጥ መስሎዎት ገንዘብዎን እንዳያወጡ። ያም ሆነ ይህ፣ ወፍራም የሚባለው እንኳን ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ታዲያ ይህን ያህል የሳሳ ብረት በረዶ ሲወርድበት፣ ንፋስ ሲያነሳው፣ አናጢው ወጥቶ ሲንበረከክበት እንዴት ይችላል?

መልሱን ለማየት ከልጆች ደብተር አንድ ወረቀት ይገንጥሉ። ሁለት ብርጭቆ ከወረቀቱ ርዝመት ባጠረ ርቀት አቁመው ወረቀቱን እንደ ድልድይ ያጋድሙበት። መሀሉ ላይ የቡና ሲኒ ያስቀምጡ። ወረቀቱ ወዲያው ይዘረጠጣል፤ ሲኒው እንዳይሰበር ከሥሩ ጨርቅ ያንጥፉ።

አሁን ያንኑ ወረቀት በጣት ስፋት አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እያደረጉ ከዳር እስከ ዳር ይጠፉት። እጥፋቶቹ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እንዲሄዱ አድርገው መልሰው ያጋድሙትና ሲኒውን ይጫኑበት። ይችላል። ወረቀቱ አልወፈረም፣ ምንም አልተጨመረበትም። የተለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ነገር ሲጎብጥ የላይኛው ገጹ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል፣ መሀል ላይ ያለው ግን ሥራ ፈት ነው። ጠፍጣፋ ወረቀት ላይና ታቹ አንድ ቦታ ስለሆኑ የሚከላከልበት አቅም የለውም። ሲታጠፍ ግን ከፊሉ ወደ ላይ፣ ከፊሉ ወደ ታች ከመሀሉ ይርቃል። በራቀ መጠንም መጉበጥን ይቋቋማል። የቆርቆሮውም ጉልበት ያለው ከብረቱ ውፍረት ይልቅ በጉብታውና በቦዩ መካከል ባለው ከፍታ ነው።

ወረቀቱን ሳይጥሉ አንድ ሙከራ ይጨምሩ። ዘጠና ዲግሪ ያዙሩትና እጥፋቶቹ ከብርጭቆዎቹ ጋር ጎን ለጎን እንዲሆኑ አድርገው ያጋድሙት። ሲኒውን ሳይጭኑበት እንኳን ይለጠጣል። ቆርቆሮም ብርቱ የሚሆነው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ጣሪያዎን ከውስጥ ሆነው ቢያዩ፣ ሞራሌው ሁልጊዜ የቆርቆሮውን ቦይ አቋርጦ እንጂ ከቦዩ ጋር አብሮ አይሄድም። አናጢው ይህን ከአባቱ ወይም ከጌታው ተምሮታል፤ እርስዎ አሁን በወረቀት አረጋግጠውታል።

በጣም የሚያስደንቀኝ ደግሞ ያ ቦይ ሁለት ሥራ መሥራቱ ነው። ክብደት ተሸካሚው እሱ፣ ውሃውን ሰብስቦ ወደ አሸንዳ የሚያወርደውም እሱ። ስለዚህ ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ ውሃው በቦዩ ሲወርድ ቀዳዳው ከውሃው በላይ ይቀራል። ቦዩ ላይ የተመታ ሚስማር በየዝናቡ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ጣሪያዎ የሚያፈስ ከሆነ ሌላ ከመጠርጠርዎ በፊት ይህን ይዩ።

ሁለቱ ቆርቆሮዎች የሚደራረቡበት ጎንም የራሱ ብልሃት አለው። ሁለት ጠፍጣፋ መስታወቶችን ፊትና ፊታቸውን አጋጥመው ጠርዛቸውን ውሃ ያስነኩት። ውሃው በጠባቧ ክፍተት ውስጥ ራሱን እየሳበ ወደ ላይ ይወጣል። ዝናብም በተደራረቡት ቆርቆሮዎች መካከል እንዲሁ ሾልኮ ጉብታውን ሊሻገር ይሞክራል። በአንድ ጉብታ ብቻ የተደራረበ ጣሪያ አንዳንዴ ያለ ቀዳዳ የሚያፈሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ጉብታ ከተደራረበ ግን ሁለተኛው ያግደዋል። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ብሎ መደራረቢያውን የሚያሳጥር ሰው የሚያተርፈው ትንሽ፣ የሚያጣው ብዙ ነው።

ይህን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1829 በስሙ ያስመዘገበው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ የለንደን ወደብ መሐንዲስ ነው። ከጥንካሬው ባሻገር አንዱ ባንዱ ላይ ገጥሞ ስለሚተኛ ብዙ ቆርቆሮ ትንሽ ቦታ ብቻ ይይዛል፤ በመርከብም በባቡርም ለመጫን ይመቻል። ወደ እኛም አገር እየተጫነ ነው የመጣው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ቀጥሎም ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው የአዲስ አበባ፣ ደሴ፣ አሥመራ መንገድ በዚህ በኩል ሲያልፍ፣ ከባድ ዕቃ ወደ መንገድ ዳር ከተሞች መድረስ ቀለለው። ዛሬ ሩቅ መሄድም የለም፤ ኮምቦልቻ ላይ ይመረታል።

ቆርቆሮ ቤትን ንቆ የሚያይ አይጠፋም። ለእሱ አንድ ታሪክ ልንገረው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ አሜሪካ ውስጥ ከግንባር የተመለሱ ወታደሮች መኖሪያ አጡ። የሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 ግሪፊት ፓርክ በተባለው ቦታ 750 የቆርቆሮ ቤቶችን ተከለ። እያንዳንዱ ቤት መሀል ለመሀል ተከፍሎ ለሁለት ቤተሰብ ሆነ፤ 1500 አባወራ ማለት ነው። ስሙም ሮጀር ያንግ መንደር ተባለ። ቤቶቹ ኩዎንሴት የሚባሉት፣ ጦሩ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ያሠራቸው፣ ግድግዳና ጣሪያቸው አንድ ላይ እንደ ቅስት የታጠፈ ቆርቆሮ ነበሩ። ከጦሩ የተረፉት ለሕዝብ ተሸጠው በየከተማው ሱቅ፣ ጋራዥ፣ ቤተ ክርስቲያን ሆነዋል። ያኔ በሀብቷ አንደኛ የነበረችው አገር በጨነቃት ጊዜ የያዘችው እርስዎ ከራስዎ በላይ ያለዎትን ነገር ነው።

ከቅርጹ ወደ ቆዳው እንሂድ። አዲስ ቆርቆሮ የሚያብለጨልጨው ብረቱ ራሱ ስላበራ አይደለም። ላዩን ዚንክ ለብሶ ነው። ፋብሪካው ብረቱን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ ያወጣዋል፤ ዘዴውን ስታኒስላስ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1837 አስመዝግቦታል። ዚንኩ እንደ ቀለም ብረቱን ከመሸፈን ያለፈ ሥራ አለው። ቀለም ከተፋቀ ብረቱ እዚያው ይዝጋል። ዚንክ ግን ቢፋቅም፣ ውሃ እስካለ ድረስ አጠገቡ ላለው ለተራቆተው ብረት ብሎ እሱ ይበላል። ታናሹን ከኋላው ሸሽጎ ዱላውን በራሱ ላይ እንደሚቀበል ታላቅ ወንድም ነው።

ይህንንም ቤትዎ መሞከር ይችላሉ። ከአናጢ የተረፈ የቆርቆሮ ቁራጭ ይፈልጉ፤ ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ ለልጅ አይስጡ። በሚስማር ጫፍ አንድ መስመር ይፋቁበት። ሁለት ኩባያ ላይ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ይሙሉ፤ በአንዱ ውስጥ ቁራጩን፣ በሌላው ደግሞ ዚንክ ያልነካውን ተራ ሚስማር ይጨምሩና ይተዉት። ሚስማሩ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይቀላል። የፋቁት መስመር ግን ቶሎ አይቀላም፤ ይልቁንም ዙሪያው ነጭ ዱቄት ይይዛል። ያ ዱቄት ስለ ብረቱ ብሎ የተበላው ዚንክ ነው።

ዚንኩ ሲያልቅ ግን የሚከላከል የለም። ስለዚህ ዚንኩን የሚጨርሱ ነገሮችን ማወቅ ይበጃል። የከብት ፍግና ሽንት አንዱ ነው፤ የበረት ቆርቆሮ ከታች ጀምሮ የሚበላው ለዚህ ነው። ቆርቆሮ በግራይንደር መቁረጥም ይጎዳዋል፣ እሳቱ ዚንኩን ያቃጥላል፣ የሚፈናጠረው ትኩስ ብናኝም ባረፈበት ይዝጋል። የቆርቆሮ መቀስ ይሻላል። ገዝተው ሳይመቱት የሚያስቀምጡ ከሆነ ደግሞ ተደራርቦ እያለ ዝናብ አያስመቱት። መሀሉ የገባው ውሃ መውጫ ስለሌለው አዲሱን ቆርቆሮ በሳምንታት ውስጥ ነጭ ያስመስለዋል። አንዱን ጫፍ ከፍ አድርገው ደረቅ ቦታ ያኑሩት።

አሁን ወደሚያማርረን ነገር እንምጣ፤ ሙቀቱ። ጨፋ ሮቢትን ጨምሮ የከሚሴ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላማ አገር ነው። ከጨፋ ረግረግ በሚታጨድ ሳር የተከደነ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ሳሩ በውስጡ አየር አምቆ ስለሚይዝ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ቆርቆሮ ግን ቀጭን ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ወዲያው ይግላል፣ ስትጠልቅ ወዲያው ይበርዳል።

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ገብተው መዳፍዎን ወደ ጣሪያው ይዘርጉ። ሙቀቱ ሳይነኩት ይሰማዎታል። በሌላው እጅዎ አንድ ካርቶን ከመዳፍዎ በላይ ያስገቡ። ሙቀቱ በቅጽበት ይቆማል። በዚህች ቅጽበት የክፍሉ አየር ሊቀዘቅዝ አይችልም። የተቋረጠው ከጋለው ቆርቆሮ በቀጥታ ወደ እርስዎ ይወርድ የነበረው ጨረር ነው። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ በአቡጀዴ፣ በማዳበሪያ ወይም በካርቶን የተሠራ ኮርኒስ ስስ ሆኖ ሳለ ቤት የሚያቀዘቅዘው ጨረሩን ስለሚጋርድ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ትኩስ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ በሁለቱም ጫፍ ከተተወለት ደግሞ የበለጠ ይረዳል። ጭድ የተቦካበት ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ የበኩሉን ያግዛል።

ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰሙት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅም የዚሁ ሙቀት ውጤት ነው። ሁለት ሜትር ቆርቆሮ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል። ሚስማሩ ይዞታልና ሲታገል ቆይቶ ድንገት ይንሸራተታል፣ ድምፁም ያኔ ይወጣል። ይህ በየቀኑ፣ በየዓመቱ ሲደጋገም የሚስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ሚስማሩም ይላላል።

ጎሕ ሲቀድ ሳይዘንብ የሚንጠባጠበውን ውሃስ? ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። የተኙት ሰዎች እስትንፋስ እርጥበት ከሥሩ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። መለያው ቀላል ነው፤ ቀዳዳ የሚያፈሰው ዝናብ ሲዘንብ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ቡናማ ምልክት እየተወ ነው። ይህኛው ግን ጣሪያውን ሁሉ ያለብሰዋል። መድኃኒቱም የአየር መውጫ ነው፤ ሚስማር መጨመር ቀዳዳ ከማብዛት ያለፈ አይፈይድም።

የመጨረሻው ስጦታው ውሃ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ቤትዎ በስድስት ሜትር በአምስት ከሆነ ጣሪያው 30 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ከሰዓት ቢጥል 600 ሊትር ይወርዳል፤ በሃያ ሊትር ጀሪካን ሠላሳ ጀሪካን ነው። የተወሰነው ቢፈስ እንኳን፣ ልጅ ወይም እናት በጀርባዋ ልታመጣው የነበረውን ስንት ጉዞ እንደሚያስቀር ያስቡት። መጀመሪያ የወረደው አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ ይደፋ፤ ቀጥሎ ያለው ለልብስ፣ ለእቃ፣ ለከብት ይሆናል። ለመጠጥ ከሆነ አፍልተው ይጠቀሙ።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጠዋት፣ ቆርቆሮው ሳይግል፣ መሰላል ያስደግፉ። የላላውን ሚስማር ያጥብቁ፣ ቦይ ላይ የተመታ ካለ ያስነቅሉና ቀዳዳውን ያስደፍኑ፣ ቅጠልና አፈር የሞላውን አሸንዳ ይጥረጉ፣ ከሥሩም በርሜል ያስቀምጡ። ሲወጡ ሞራሌው ባለበት፣ የሚስማሩን መስመር ተከትለው ይራመዱ።