ተሳቢ ቤት በምን ይቆማል?

የአገራችን ባለሙያ ሴት ድስት የምትጥድበትን ጉልቻ ሦስት እንጂ አራት አታደርገውም። ምክንያቱን ብትጠየቅ «እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር» ትል ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ ልማድ ውስጥ ትልቅ ዕውቀት አለ። ሦስት ድንጋዮች ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ቢቀመጡም ሦስቱም ድስቱን ይነካሉ። አራተኛ ቢጨመር ግን አንዱ ከሌሎቹ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ስለማይቀር ድስቱ ይንገዳገዳል። ባለ አራት እግር ጠረጴዛም የሚያውከን በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወረቀት አጥፎ ከአንዱ እግር ሥር መወተፍ ለተማሪም ለጸሐፊም የታወቀ ሥራ ነው።

ዛሬ ለአንባቢያን የምናቀርበው ጉዳይ ከዚሁ ከጉልቻ ጥበብ ጋር የተያያዘ ነው። ይኸውም በመኪና የሚሳብ ትንሽ ቤት፣ ባሕር ማዶ ካራቫን የሚባለው፣ በቆመበት ቦታ እንዳይንቀጠቀጥ የሚደግፉትን እግሮች በአገር ቤት ብረትና በአገር ቤት ባለ እጅ ስለ መሥራት ነው።

ተሳቢ ቤት ለኢትዮጵያ መንገድ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ዋሊ ባያም የተባለው አሜሪካዊ ኤርስትሪም የሚባሉትን የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ተሳቢዎች 41 ያህል አሰልፎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ በተጓዘ ጊዜ፣ በ1952 ዓ.ም. በአገራችን በኩል አልፏል፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተጓዦቹን በአዲስ አበባ አግኝተዋቸዋል። እነዚያ ሰዎች አገር ለማየት የወጡ ነበሩ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ቤት ለሽርሽር ብቻ የሚሆን አይደለም። መሬት ለሚለካ፣ ክትባት ለሚሰጥ፣ መንገድ ለሚጠግን፣ ከከተማ ርቆ ለሚሰነብት ሠራተኛ ሁሉ መኝታም ጽሕፈት ቤትም ሊሆነው ይችላል።

አሁን እንዲህ ያለ ተሳቢ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል እንበል። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል፤ ቁልቁለቱም አቀበቱም እያንዳንዱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ከደጀን በኋላ ደጋው ይዘረጋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በኩል የጮቄ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። እንግዲህ ተሳቢው ከመኪናው ተፈትቶ የሚቆመው ተዳፋት በማይጠፋበትና ክረምቱ በሚከብድበት አገር ነው።

የሚንቀጠቀጥበት ምክንያት

ትንሽ ተሳቢ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጎማ ብቻ አለው። ከመኪናው ሲፈታ በሁለቱ ጎማዎችና በአፍንጫው ሥር ባለችው ትንሽ ጎማ ይቆማል፤ ይህም ሦስት ጉልቻ ማለት ነው። ታዲያ ለምን ይንቀጠቀጣል ቢባል፣ ጎማው በነፋስ የተሞላ፣ ባሌስትራውም የሚተጣጠፍ ስለሆነ ነው። ሰው በውስጡ በተራመደ ቁጥር ይረግባል፤ መልሶም ይነሣል።

ከዚህም የሚብሰው ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ ሄደው አልጋው ላይ ሲቀመጡ የሚመጣው ነው። ለማስረዳት ያህል፣ በአፍንጫው ላይ የሚያርፈው ክብደት 60 ኪሎ፣ ከጎማው ዘንግ እስከ አፍንጫው ያለው ርቀት 3 ሜትር ነው እንበል። 60 በ3 ሲባዛ 180 ይሆናል። እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ከዘንጉ 2 ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጡ፣ 130 በ2 ሲባዛ 260 ይመጣል። 260 ከ180 ስለሚበልጥ ተሳቢው ወደ ኋላ ይወድቃል፤ አፍንጫውም ወደ ላይ ይነሣል። ጋሪ የሚነዳ ሰው ይህን ሒሳብ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል፤ ጭነት ወደ ኋላ ከበዛ ጋሪው ፈረሱን ሽቅብ እንደሚስበው አይቷልና።

ትርፉ 80 ነው። ከዘንጉ 2 ሜትር ርቀው ሁለት እግሮች ከኋላ ቢቆሙ፣ 80 ለ2 ተካፍሎ ለሁለቱ 40 ኪሎ፣ ለአንዱ እግር 20 ኪሎ ይደርሰዋል። ከዚህ የምንረዳው ዋና ቁም ነገር አለ። ክሪክ ያነሣል፤ እግር ይደግፋል። የቤቱ ሸክም ምንጊዜም በጎማዎቹ ላይ ይቀራል። ይህን የተረዳ ሰው ከባድና ውድ ብረት አይፈልግም፤ የሰው መውጣት መግባትና የነፋስ ግፊት ተጨምሮበት አንዱ እግር 150 ኪሎ እንዲችል ሆኖ ቢሠራ ይበቃዋል።

አሠራሩ

ለአንድ እግር የሚያስፈልገው ጎኑ 50 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ፣ በውስጡ የሚገባ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ አንድ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ረጅም ቡሎን ከዳዶው ጋር፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መሸጎሪያ ብረት፣ እንዲሁም 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ላሜራ ነው። የቱቦላሬዎቹ ርዝመት እንደ ተሳቢው ከፍታ ይወሰናል፤ ነገር ግን ውስጠኛው እስከ መጨረሻው ሲወጣ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትሩ በውጭኛው ውስጥ መቅረት አለበት።

ውስጠኛው በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ይበሳል፤ መሸጎሪያው በዚያ ይገባል። በታችኛው ጫፉ ላይ ዳዶው ይበየድና ቡሎኑ ራሱን ወደ መሬት አድርጎ ይገባበታል። ዳዶው ሲበየድ ጥርሱ በሙቀት እንዳይበላሽ አሮጌ ቡሎን አስገብቶ መያዝ የባለ ሙያ ልማድ ነው። የተለመደው ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቡሎን አንድ ጊዜ ሲዞር 2.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ሌላው ያለውን 5 ሳንቲ ሜትር 20 ዙር ይሸፍነዋል። መሸጎሪያው በግምት ያቆማል፤ ቡሎኑ በልክ ያስተካክላል።

እግሩ ከተሳቢው ወለል ብረት ጋር በማጠፊያ ይያያዛል፤ በጉዞ ጊዜ ወደ ላይ ታጥፎ ይታሰራል። ሲቆም ደግሞ ከእግሩ ወገብ ወደ ወለሉ ብረት አንድ ሰያፍ ብረት በቡሎን ይያዝለታል። ይህ ሰያፍ ከተረሳ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቀጥ ያለ እግር ወደ ታች የሚመጣውን ክብደት ቢችልም ወደ ጎን የሚገፋውን አይችልምና።

በብየዳ ጊዜ ሦስት ነገሮች አይዘነጉ። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ሲበየድ ጭሱ መርዝ ስለሆነ ቅቡ አስቀድሞ ይፋቅ። የጋዝ ሲሊንደር ካለ ከተሳቢው ይውጣ። የባትሪው ሽቦም ይነቀል።

አቋቋሙ

የሰው ሕይወት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በችኮላ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ተሳቢው ከመኪናው ይፈታል። በተዳፋት ላይ ድንጋይን ታኮ ያደረገ ሰው ሲነሣ ድንጋዩን ከመንገዱ ያንሣ፤ ትቶት ቢሄድ በሌሊት ለሚመጣው መኪና ወጥመድ ይሆናል።

ተሳቢው ወደ ጎን ካዘነበለ ዝቅ ያለው ጎማ በጣውላ ላይ እንዲወጣ ይደረጋል እንጂ በእግሮቹ አይነሣም። ፊትና ኋላው በአፍንጫው ጎማ ይስተካከላል፤ ልኩም በውሃ ልክ ይታያል። እግሮቹ የሚወርዱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እያንዳንዱ መሬት ከነካ በኋላ ጠበቅ እስኪል ግማሽ ዙር ቢጨመርለት ይበቃል። አንዱ እግር ከልክ በላይ ቢጠብቅ የወለሉ ብረት ይጣመማል፤ የዚህም ምልክቱ በሩ አልገጥም ማለቱ ነው። አራተኛው ጉልቻ ድስቱን እንደሚያንገዳግደው መሆኑ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በእነዚህ እግሮች ብቻ በቆመ ተሳቢ ሥር ማንም ሰው አይግባ።

መሬቱን ማወቅ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ቀይ አፈርም ጥቁር ዋልካም አለ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይላቁጣል። 150 ኪሎ የተጫነበት የቡሎን ራስ በባዶው መሬት ላይ ቢያርፍ፣ ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር ካሬ ያህል ስለሆነ በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ 19 ኪሎ ያህል ይወድቃል፤ እንደ ችካልም ይሰምጣል። ከላሜራው ሥር 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ቢነጠፍ ግን ያው ክብደት በ900 ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ ተዘርግቶ ለአንዱ ከ0.2 ኪሎ ያነሰ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ይህም ቢሆን በየማለዳው መታየት አለበት፤ ማታ ጠብቆ ያደረ እግር ጧት ላልቶ ይገኛልና።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ከተዘረዘሩት ዕቃዎች ውስጥ ከቱቦላሬ፣ ከቡሎን፣ ከላሜራና ከጣውላ የሚያልፍ አንዳች የለም። ብዙ ጊዜ ግን የመሥሪያ ቤት ዕቃ ሲሰበር ምትኩ ከሩቅ እስኪመጣ ሥራው ወራት ይቆማል፤ ከደጃፉ አጠገብ ያለውን በያጅ ጠርቶ ልኩን በወረቀት የሚነድፍለት ሹም ስለ ጠፋ ነው። ባለ እጅን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ንቀቱን ከልብ ማውጣት ለእያንዳንዱ ሰው የተተወ ሥራ ነው። የተማረው ሒሳቡን፣ ባለ እጁ ብየዳውን፣ የአገሩ ገበሬ ደግሞ የመሬቱን ጠባይ ያውቃል። ሦስቱ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ጉልቻው ሞልቷል፤ ድስቱም አይወድቅም።